ያልዘመረው ቴስታታ

እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ሚስቱ ታውቀው ነበር፤ እሷ ካረፈች ስምንት ዓመት አለፋት። ልጁ ታውቀዋለች፤ እሷ ግን የምትኖረው የአንድ ቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ ርቃ ነው፣ ደግሞም «አባዬ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። የቀረው ሕዝብ፣ ከባለጋራዡ እስከ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ፣ «ጋሽ ጆሮ» ይለዋል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ለፊቱ ያንሳል።

ስሙን ያወጡለት መካኒኮች ናቸው፤ መካኒክ ደግሞ አንዴ ካፉ ያወጣውን ስም መልሶ አያስገባም። ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተር ብስክሌት ሞተር ከላይ የሚደፈንበት፣ ቫልቮቹና እሳት የሚጭረው ካንዴላ የሚቀመጡበት ቁራጭ አለ፤ ቴስታታ ይሉታል። ዕድሜና ሙቀት ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ፀጉር ስለሚያህል ሌላው ሠራተኛ መነጽሩን ሰክቶ፣ አምፖል አስጠግቶ ሲያፈጥ ይውላል። ጋሽ ጆሮ ግን በሽቦ ያንጠለጥለውና በናስ ዘንግ ኳ ያደርገዋል። ጤነኛ ቴስታታ ይዘምራል፤ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየራቀ ነው የሚጠፋው። የተሰነጠቀው «ጧ» ብሎ እዚያው ይሞታል። በደጉ ጊዜ አንድ ተጠራጣሪ ባለጋራዥ አራት ቴስታታ ደርድሮ አንጠልጥሎ፣ እሱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመውና አንድ በአንድ መታቸው። ሰውየው ዞር ሳይል «ሦስተኛው» አለ። ሦስተኛው ነበር። ስሙ የወጣለት ያን ዕለት ነው።

ስሙን ወደደው፤ ከመውደድም አልፎ አመነበት። ስንጥቅ የሚፈለግበት ሌላ መንገድ እንዳለ አጥቶት አይደለም። ቴስታታውን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አውጥተው አድርቀው፣ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰንሱበታል፤ ስንጥቅ ካለ የጠጣውን ጋዝ መልሶ ይተፋና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። እሱም ይሄን ያደርጋል። ነገር ግን ጠመኔና ጆሮ ያልተስማሙ እንደሆነ የሚያምነው ጆሮውን ነው። «ጠመኔ ላይ ላዩን ነው የሚያየው፤ ጆሮ ውስጥ ይገባል» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የሚሠራውም የሚኖረውም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ፊት ለፊት የቆርቆሮ በር ያለው መሥሪያ፣ ከኋላ አልጋና አንድ ወንበር የያዘች ክፍል። ሁለተኛው ወንበር የሚስቱ ነበር። ባዶውን ማየት ሲከብደው ወደ መሥሪያው አወጣውና የቀለም ጣሳ ደረደረበት። ጠዋት ይነሣል፣ ሻዩን ያፈላል፣ ቆሞ ይጠጣል፣ በሩን ይከፍታል። ደንበኛ ያልመጣ ቀን የሰው ድምፅ የሚያገኘው ከሬዲዮ ብቻ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ሰሞኑን ደከመበት። ሬዲዮ ሠሪ ዘንድ ወስዶት፣ ሠሪው «ምንም አልሆነ» ብሎ ሲመልስለት፣ የዛሬ ባለሙያ ከካቻቢቴው በቀር ምንም አያውቅም ብሎ ሰድቦት ወጣ። ከዚያ ወዲህ መክፈቻውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ነው የሚያዳምጠው። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን በመቀሷ እጀታ እየደበደበች «ጋሼ፣ ኧረ በእናትዎ! ዜናውን ከሱሪው ጋር ልሰፋው ነው!» ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ሲያገኛት «ደህና ዋልሽ?» ይላታል፤ መልሷን ሳይጠብቅ ያልፋል። ኮርቷል አለች። እሱ ግን የሚያናግረው ሰው ናፍቆት ነበር።

ስልኩም እንደ ሬዲዮው ሆነበት። ልጁ እሑድ እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ትደውላለች። ድሮ ግማሽ ሰዓት ያወሩ ነበር። አሁን ድምፅዋ ከጭድ ክምር ሥር የሚመጣ ይመስለዋል፤ እየተቆራረጠ፣ ጫፍ ጫፉ እየቀረ። መጀመሪያ ሰሞን «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» ይል ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ እያዳመጥከኝ አይደለም አይደል?» ብላ ቅር ስትሰኝበት ግን ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ዘዴ አበጀ። ፋታ ስታደርግ «እሰይ»፣ ረዘም ያለ ፋታ ስታደርግ «በርቺ የኔ ልጅ»፣ ሳቅ ነገር ሲመስለው ይስቃል። ዘዴው ሠራለት። በሳምንት አንዴ የምትመጣውን ያቺን ድምፅ እንዳያጣት እንጂ ሌላ ተንኮል አልነበረውም።

ልጁ በትዳር ዘጠኝ ዓመት ቆይታ ነው ያረገዘችው። ክረምት ላይ መጥታ፣ እጁን ይዛ ሆዷ ላይ አሳርፋ ነገረችው። በሄደች ማግስት ባለሦስት እግር የልጅ ብስክሌት መሥራት ጀመረ። የፊት ጎማው ከአሮጌ ጋሪ፣ መቀመጫው ከሞተር ብስክሌት ጭቃ መከላከያ የተቆረጠ። ብየዳው እንዳይቧጭር ጠርዝ ጠርዙን በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በገዛ ጉንጩ እየፈተነ አለሰለሰው። ቀለም ብቻ ቀርቶት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

የመጨረሻው ስልክ የመጣው ከስድስት እሑድ በፊት ነው። ያን ዕለት ድምፅዋ ከወትሮው ይልቅ ዝቅ አለበት። ስልኩን በሆዱ ረገመ። ረጅም ነገር ተናገረች፤ ስታቆም፣ የሆዷ ልጅ መገላበጥ ጀምሮ ይሆናል ብሎ ገምቶ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ይሄን ቀን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት!» አላት። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ካርድ አልቆባት ይሆናል አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

በሚቀጥለው እሑድ አልደወለችም። በሚቀጥለውም። ሁለት ጊዜ እሱ ደወለ፤ አላነሳችም። ከብዷት ይሆናል፣ ተኝታ ይሆናል፣ ሐኪም ዕረፍት አዞላት ይሆናል እያለ ለራሱ ምክንያት ይፈበርክ ጀመር። እሑድ አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። አምስት ሰዓት ሲሆን ይነሣና ሥራ ይፈልጋል። ሥራ በማይኖርበት እሑድ ደህናውን መሣሪያ ዘይት እየቀባ ያጸዳል። የዚህ ሰው መሣሪያ ያን ሰሞን እንዳበራው አብርቶ አያውቅም።

በስድስተኛው እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ጡረታ የወጣው የሰፈሩ ፖስተኛ በአሮጌ የደብዳቤ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ገባ።

«ምን አመጣህ?» አለው ጋሽ ጆሮ፣ አፉን እያየ።

«ራሷን» አለ ፖስተኛው ጮክ ብሎ፤ ከሞተር ድምፅ በላይ ሲናገር የኖረ ሰው ስለሆነ ሹክሹክታው እንኳ ጎዳና ይሻገራል። «ሌላው አካሏ ቤት ተኝቷል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ያደረሰባት ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ብስክሌት ናት። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ «ከቁራሌ አትሻልም፣ ውሰዳት» ብሎ ሰጠው። እሱም አራት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ይነሣና በድሮው መስመር ይዞርባታል። የሚያደርሰው ነገር ስለሌለው ዳቦ ገዝቶ ይመለሳል። በየበሩ ግን ሰው ብቅ ይላል፣ እጅ ያወዛውዛል፣ «ዛሬም የለኝም?» ብሎ ይቀልድበታል፤ ለእሱ ይኸው ይበቃዋል።

«ኃይል አጣች፣ ታንኳኳለች። የፈታት ልጅ ተሰንጥቋል፣ ጣለው አለኝ» አለ። «መጣያው ቀርቶ መተኪያው የት አለ? የሠራት ፋብሪካ የተዘጋው እኔ ጎረምሳ ሆኜ ነው። ይቺ ከሞተች በቃ፣ እኔም ግድግዳ ሳይ ልውል ነው። ጆሮ፣ አደራህን።»

ጋሽ ጆሮ ቫልቮቹን አውልቆ፣ ጥላሸቱን አጥቦ፣ አንጠልጥሎ መታው። ጧ። ራሱን ነቀነቀ። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ ጠመኔውን ሲነሰንስበት፣ ከጭስ ቫልቩ መቀመጫ እስከ ካንዴላው ቀዳዳ ጥቁር መስመር ቀስ ብሎ ወጣ። እንዲህ ያለ አሮጌ ቴስታታ ሲሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ነው፤ ሙቀቱ የሚበረታው እዚያ ነውና።

«አንድ ናት። ትድናለች። ዓርብ ና» አለው።

ሥራው እንደ ድሮው ነበር። በስንጥቁ ጫፍና ጫፍ መርፌ የሚያህል ቀዳዳ በሳ፤ እንዲህ ካልተደረገ ስንጥቁ ከብየዳው ሥር እየሾለከ መንገዱን ይቀጥላል። መሐሉን እስከ ደህናው ብረት ድረስ ቦይ አድርጎ ከፈተው። ከዚያ ቴስታታውን ሁለመናውን አሞቀ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ደህና ነው ሲሉት ቀልጦ ድፍት ይላል። ስለዚህ የልብስ ሳሙና ቀባው፤ ሳሙናው ሲጠቁር ለብየዳ ደረሰ ማለት ነው። በአርጎን ጋዝ በየደው፤ ጠብታዋን አንድ በአንድ እያስቀመጠ፣ ትንፋሹን ይዞ። ሲጨርስ ሙቅ አመድ ውስጥ ቀበረው። ቶሎ ከቀዘቀዘ መልሶ ይሰነጠቃልና እስከ ማግስቱ አልነካውም።

ማክሰኞ አውጥቶ፣ መስተዋት ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አስተካክሎ፣ አንጠለጠለና መታው።

ጧ።

ሽቦውን ቀየረ። ጧ። ዘንጉን ቀየረ። ጧ። ጠመኔ ነሰነሰ፤ ጠመኔው እንደ ነጭ ጨርቅ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ቀዳዳውን ደፍኖ ነጭ ጋዝ ሞላበት፤ አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ «ተመስገን» ብሎ ቫልቮቹን ይመልስ ነበር። ጋሽ ጆሮ ግን ስሙ ማን ሆነና! ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል አለ። የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አነሣና በመግቢያው ቫልቭ በኩል ቦይ ከፈተ። ምንም። ረቡዕ በሌላው ጎን ከፈተ። ምንም፤ የሚያብረቀርቅ፣ ጤነኛ ብረት። ሐሙስ ሌላ ጨመረ። ከእያንዳንዱ በኋላ ይመታዋል፣ ቴስታታውም ጧ ይለዋል። ሐሙስ ምሳውን አልበላም። አርባ ዓመት ያልከዳው ነገር እንዴት ነው ዛሬ ስንጥቅ አለ ብሎ የት እንዳለ የማይነግረው?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ጎንበስ ባለበት ትከሻውን ሰው ነካው። ዘለለ።

«ምን እንደ ሌባ ትገባለህ!»

«ሦስቴ ተጣራሁ'ኮ» አለ ፖስተኛው።

«ግራይንደሩ ነዋ።»

ግራይንደሩ ከተነቀለ ቆይቷል። ፖስተኛው ገመዱን አየ፣ ከዚያ ቴስታታውን አየ፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ሁሉ ጉድጓድ ምንድነው? አንድ ናት አላልከኝም?»

«ሌላ አለ። ተደብቋል። ድምፁ አልመጣም፤ ሙት ነው።»

ፖስተኛው ዘንጉን ከጠረጴዛው አነሣና የተንጠለጠለውን ቴስታታ መታው። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆመ። ቆየ። ዓይኖቹ አየር ላይ አንድ የሚርቅ ነገር ይከተሉ ነበር። ጋሽ ጆሮ ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ ድሮ የገዛ ራሱ ነበር።

«ኧረ እንዴት ያለ ድምፅ ነው!» አለ ፖስተኛው። «የትምህርት ቤት ደወል አይደል እንዴ የሚመስለው! ምኑ ነው የሞተው?»

«አትቀልድ።»

«እኔ ነኝ የምቀልድ አንተ?» ደግሞ መታው፤ ደግሞ ዓይኑ ድምፁን ተከተለ።

ጋሽ ጆሮ ወደ ግድግዳው ሄደ። እዚያ «መምህሩ» የሚለው ቴስታታ ተሰቅሏል፤ ተሰንጥቆ የማያውቅ፣ የሌሎቹን ድምፅ የሚያመሳክርበት። በጆሮው ተማምኖ ሳይመታው ዓመት አልፎታል። መታው። ጧ። ክንዱን አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ መታው።

«ኧረ ቀስ!» ፖስተኛው ሁለት ጆሮውን በእጁ ያዘ። «ልታደነቁረኝ ነው?»

ይሄን አልሰማውም፤ ጆሮውን ሲይዝ ግን አየው። ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም። የቀለም ጣሳዎቹን ከሚስቱ ወንበር ላይ አንድ በአንድ አውርዶ ተቀመጠ።

«ደህናውን ነው የቆረጥኩት» አለ። «አራት ቀን ሙሉ ደህናውን ብረት ስቆርጥ ነው የሰነበትኩት።»

ፖስተኛው መጀመሪያ ተናደደ፤ ይገባዋል። አደራ ብዬህ፣ መተኪያ የላትም እያልኩህ፣ ብሎ ጮኸ። ጋሽ ጆሮ የአፉን መንቀሳቀስ እያየ ተቀበለው። ጩኸቱ ሲያልቅ «ጉድጓዱን እሞላዋለሁ፤ ብየዳው በእጅና በዓይን ነው» አለ። «አንተ ግን እየመጣህ ትመታልኛለህ።» ፖስተኛው በንዴት እንዳለ «እመጣለሁ» አለ፤ ዳቦ ከመግዛት ሌላ ቀጠሮ የሌለው ሰው ነው። ጋሽ ጆሮ ግን ከአፉ ላይ ይሄን አላነበበም። ግድግዳው ላይ ያለውን ባለሦስት እግር ብስክሌት እያየ ነበር።

«እሑድ» አለ። «እሑድ እሑድ ምን ስላት ነበር የኖርኩት?»

ነገሩን ሁሉ ነገረው፤ ዘዴውን፣ እሰዩን፣ ስድስቱን እሑድ። ይሄን ያህል ለሰው ከተናገረ ዓመታት ሆኖታል። ሲጨርስ ፖስተኛው የራሱን ስልክ አውጥቶ ቁጥሯን ጠየቀ። የአባቷን ቁጥር ስታይ አታነሳም፣ የማታውቀውን ልታነሳ ትችላለች ብሎ ነው።

«እሷ የምትለውን አንተ ትነግረኛለህ» አለው ጋሽ ጆሮ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ አንብቤ አላውቅም።»

«ዛሬ አንብብልኝ።»

አነሳች። ፖስተኛው ማን እንደሆነ ተናገረ፤ አባትሽ አጠገቤ ነው፣ ደህና ነው፣ ግን ጆሮው አይሰማም፣ የምትይውን እጽፍለታለሁ አላት። ከዚያ አዳመጣት። ጠመኔውን ከጣሳው አንሥቶ ጥቁሩ የብየዳ ጠረጴዛ ላይ፣ በፖስተኛ ግልጽ ፊደል ጻፈ፦

«ታዲያ ለምን እሰይ አለኝ?»

«ምን ስትነግረኝ?» አለ ጋሽ ጆሮ። «ምን ስትነግረኝ ነው እሰይ ያልኳት?»

ፖስተኛው አዳመጠ። ጠመኔው እጁ ላይ ቆመ። ለመጻፍ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። ፊደሎቹ አሁን እንደ ፊተኛው ቀጥ አላሉም፦

«ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ሞተ። ያን ዕለት ከሆስፒታል ነበር የደወልኩት።»

ጋሽ ጆሮ አነበበው። ጣቱን አንሥቶ እያንዳንዱን ቃል እየነካ ሁለተኛ አነበበው። ይሄን ቀን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት ማለቱን አስታወሰ፤ እያንዳንዷን ቃል፣ እየሳቀ ማለቱን ጭምር። ስልኩን ከፖስተኛው እጅ ወሰደና አፉ አጠገብ ያዘው።

«ልጄ» አለ። «አልሰማሁሽም ነበር። ያን ዕለት ብቻ አይደለም፤ ዓመት ሊሞላኝ ነው ሳልሰማሽ። እንዳትተዪኝ ፈርቼ ነው እሰይ እሰይ ስል የኖርኩት። ስልኩ ነው እያልኩ፣ ሬዲዮው ነው እያልኩ… እኔ ነኝ የኔ ልጅ። ለማን እነግራለሁ? ጆሮ እያሉ እየጠሩኝ!»

ስልኩን ለፖስተኛው መለሰለት፣ ዓይኑን ጠመኔው ላይ ተከለ። ፖስተኛው አዳመጠ፣ አዳመጠ። አልጻፈም።

«ምን አለች?»

ፖስተኛው ራሱን ነቀነቀ።

«ጻፍልኝ እንጂ! ምን እያለች ነው?»

ፖስተኛው ጎንበስ ብሎ በትንንሹ ጻፈ፦ «ምንም አላለችም። እያለቀሰች ነው።»

ጋሽ ጆሮ እጁን ዘረጋና ስልኩን ተቀበለው። «አልቅሺ» አላት። «አልቅሺ የኔ እናት፤ እዚሁ ነኝ፣ አልዘጋም።» ከዚያ ስልኩን ድሮ በሚይዝበት በቀኝ ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘውና ቁጭ አለ። ምንም ድምፅ አልተሰማውም። ሆኖም ፖስተኛው ካርዱ ማለቁን በእጁ ምልክት እስኪነግረው ድረስ ከጆሮው አላወረደውም።